በሩ አጠገብ የቆመው ማይክ

ልጄ ድራሙን ቤት ያመጣችው በሁዳዴ ነው። በሌላ ጊዜ ብትፈልግም አታገኘውም። ድራሙ የከተማው የባህል ቡድን ንብረት ነው፤ ሰርግ ሲኖር፣ በዓል ሲደርስ፣ እንግዳ ሲመጣ ከአዳራሹ ወጥቶ አያድርም። በዐቢይ ጾም ግን ሰርግ የለም፣ መድረክ የለም፣ ዘፈን የለም። ድራሙ ሸራ ለብሶ ጥግ ይይዛል። የቡድኑ ድራም መቺ እሷ ስለሆነች ኃላፊውን ለመነችው፤ እሱም፣ "እስከ ፋሲካ ማን ይፈልገዋል? ውሰጂው። ቆዳው ተቀዶ እንዳላየው ብቻ" ብሎ ፈቀደላት።

እንግዲህ ድራሙ የሚገኘው መምታት ነውር በሆነበት ወቅት ብቻ ነበር። ሰቆጣ ላይ በሁዳዴ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ከበሮዋን ታስቀምጣለች። ካህናቱ ከበሮውንም ጸናጽሉንም ትተው በመቋሚያ ብቻ ይዘምማሉ። ሬዲዮ የሚከፍት ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እኔ ራሴ ከዋግ ለሬዲዮ ጣቢያችን በምልከው ዘገባ በእነዚያ ሳምንታት ሙዚቃ አላስገባም። ማንም አላዘዘኝም፤ ደንብ ነው።

ባጃጅ ነጂው ትልቁን የእግር ከበሮ ከኋላ እንደ ተሳፋሪ አስቀምጦ፣ ልጄ የድራሙን የናስ ሳህኖች ጉልበቷ ላይ ታቅፋ ሲመጡ በር ላይ ቆሜ ነበር።

"ጋሼ፣ ሰርግ አለ እንዴ?" አለኝ ነጂው።

"በሁዳዴ ምን ሰርግ አለ?"

"እኔም እሱን ነው የምለው። ሰው ሁሉ ቆሞ ሲያየን ሙሽራ የጫንኩ መስሎኝ ጥሩምባ ልነፋ ነበር።"

"ቶሎ አስገባው" አልኩት። ድምፄ ከፈለግሁት በላይ ቁጡ ነበር። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ የሙዚቃ ማሠልጠኛ ተማሪ ሊቀበል አስታውቋል። ከክፍለ ሀገር የሚያመለክት ሰው በመጀመሪያ ድምፁን ቀርጾ በቴሌግራም ይልካል፤ የወደዱትን ለፊት ለፊት ፈተና ይጠሩታል። ቅጂው በስልክም በአንድ ማይክም ቢሆን ግድ የላቸውም። የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ ያልተቆረጠ፣ ያልተቀጠለ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ትንፋሽ የተመታ ይሁን። ዕድሜም ወስነዋል። ልጄ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ዕድሜው ያልፋታል። የመላኪያው ቀን ቅዳሜ ነበር፤ ድራሙ የመጣው ሐሙስ።

በስልኳ ሞክራ ነበር። ስልክ ትልቁን ከበሮ ሲሰማ ይታፈናል፤ ትራስ የሚመታ ነው የሚመስለው። ስለዚህ፣ "አባ፣ ማይክህን" አለችኝ።

እሺ አልኩ። ያልኩት ግን በግማሽ ልቤ ነው።

ሰው ስለ ልጄ ሲጠይቀኝ የምሰጠው መልስ አንድ ነበር። "ልጅህ ምን ላይ ናት?" ሲሉኝ፣ "ፈተና እየጠበቀች ነው" እላለሁ። ውሸት የለበትም። እውነት ተናግሮ እንዴት መደበቅ እንደሚቻል ለማወቅ በእኔ ሥራ ውስጥ ረጅም ጊዜ መቆየት ይበቃል፤ ባለሥልጣናት ሲያደርጉብኝ ኖረዋል፣ ስሰማቸውም አውቃቸዋለሁ።

ከበሮ መምታቷ አይደለም ያሳፈረኝ። በየነሐሴው ሻደይ ሲደርስ የሰቆጣ ልጃገረዶች ያን ለምለም ቄጠማ ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ ይዘው ደጅ ለደጅ ሲጨፍሩ፣ እኔ ይህንኑ ማይክ ይዤ ከከበሮ መቺዋ እግር ሥር እንበረከካለሁ። ብዙ ዓመት ከበሮ መቺዋ ልጄ ነበረች። "ከበሮዋን የያዘችው ወጣት" ብዬ በአየር ላይ ስናገር ልጄ መሆኗን አልጠቅስም፤ ደረቴ ግን ይሞላ ነበር። ከበሮ በአንገት ሲንጠለጠል ባህል ነው። ሱሪ ለብሰው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እግር ከፍተው ሲረግጡት ግን ጭፈራ ቤት ጭፈራ ቤት ይሸታል። እንዲህ ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። ሰው ሊለኝ ይችላል ብዬ ያሰብኩትን ነው ለራሴ ስነግር የኖርኩት።

ሚስቴ አስተማሪ ናት። ሐሙስ ማታ ራት ላይ፣ "ለየኔታ ንገራቸው" አለችኝ።

የኔታ ጎረቤታችን ናቸው። የዜማ መምህር ናቸው፤ ተማሪዎቻቸው ግቢያቸው ውስጥ ተቀምጠው ዜማቸውን ሲቀጽሉ እኛ ሳሎን ድረስ ይሰማል። የሚለየን አንድ የድንጋይ ግድግዳ ነው።

"ምን ብዬ ልንገራቸው?"

"ልጄ ነገ ልትመታ ናት፣ ለፈተና ነው፣ ይታገሡን ብለህ ነዋ። ምን ይከብዳል?"

"በጾም?"

"እሱን እሳቸው ይበሉህ። አንተ ከአሁኑ ምን ትመልስላቸዋለህ?"

እዚህ አገር እህል የሚወቃ፣ ቤት የሚያፈርስ፣ ድንኳን የሚተክል ሁሉ ለጎረቤቱ አስቀድሞ ይናገራል። ፈቃድ መጠየቅ አይደለም፤ ማሳወቅ ነው። ከነገሩት በኋላ ጎረቤት ቢቸገርም ይችላል። ይህን አውቃለሁ። አልነገርኳቸውም። ከዚያ ይልቅ መላ ያልኩትን መላ አመጣሁ፦ በሁዳዴ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ዓርብ ሰፈሩ ሁሉ ደብር ሲወጣ እንቀርጻለን፤ ሰው ሲመለስ ጨርሰን ሸራውን አልብሰነዋል። ለልጄ የነገርኳት ግን፣ "ያን ሰዓት ጸጥታ አለ፣ ለቅጂ ይመቻል" ብዬ ነው። ይህም ውሸት አልነበረበትም።

ያለኝ ማይክ አንድ ነው። ከጽጽቃ አቧራ እስከ ፃግብጂ ዝናብ አብሮኝ የዞረ፣ ስፖንጁ የተበላ፣ በእጅ የሚያዝ ማይክ። የገበሬን ድምፅ ከነፋስ ለይቶ ያመጣልኛል። ድራም ቀርጾ አያውቅም፤ እኔም እንደዚያው።

ሰው ሳነጋግር ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋለሁ። ድራሙም አፍ ያለው መስሎኝ ከትልቁ የእግር ከበሮ ፊት ደቀንኩት። መልሰን ስንሰማው ሰው በር ይደበድባል እንጂ ሌላ ነገር የለም።

"ሌሎቹ የት ሄዱ?" አለች ልጄ።

ከኮርኒሱ ላይ በገመድ ከአናቷ በላይ አንጠለጠልኩት። አሁን ደግሞ የናስ ሳህኖቹ ሁሉን በሉት፤ ቆርቆሮ ላይ በረዶ የሚወርድ መሰለ። ቀጥሎ ችግሩ ከመቅረጫው እንደሆነ ደረስኩበት። መቅረጫዬ ድምፅ ሲበዛ ራሱ እንዲቀንስ፣ ሲያንስ ራሱ እንዲጨምር ተደርጎ ነው የሚኖረው። ለቃለ መጠይቅ ደግ ነው። ድራም ላይ ግን አንድ ኃይለኛ ምት በመጣ ቁጥር ደንግጦ ሁሉን ያፍናል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ያብጣል። ይህን ጠባዩን አጠፋሁና መጠኑን በእጄ ዝቅ አድርጌ አሰርኩት።

ከዚያ አንድ የሚንጫጫ ነገር ሰማን። ትንሹን ከበሮ፣ ያንን ከሥሩ ሽቦ ያለውን፣ በመታች ቁጥር ከኋላ የሆነ ነገር አብሮ ይንቀጠቀጣል። ፈልገን ፈልገን ብፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ሆነው ተገኙ። ሁሉንም አውጥተን መኝታ ቤት አልጋ ላይ ደረደርናቸው። የሠርጋችንን ፎቶ ከግድግዳ አወረድን፤ እሱም ይንጫጫ ነበር። ፍራሽ አምጥተን ግድግዳው ላይ አስደገፍን።

በብዙ ማይክ የሚቀርጽ ሰው አንዱን ከበሮ ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ የሚያደርገው በኋላ ቁጭ ብሎ ነው። በአንድ ማይክ ሲሆን ግን ከኋላ የሚስተካከል ነገር የለም፤ ማመዛዘኛው ቦታ ነው። ማይኩ የቆመበት ቦታ የሰማውን ሰማ፣ አለቀ። ስለዚህ ማይኩን በልብስ መስቀያ ላይ አስሬ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ግማሽ ወደ ግራ እያልኩ ሳሎኑን ዞርኩ። ልጄ ሳህኖቹን ለዘብ፣ ትንሹን ከበሮ ጠንከር እያደረገች ከእኔ ጋር ተስማማች። ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ደስ አለኝ። የማውቀው ዓይነት ሥራ ሆነ። ሁሉም ከበሮ እኩል የሚሰማበት ቦታ በመጨረሻ ከበሩ አጠገብ ተገኘ። በሩን ስንዘጋው ክፍሉ ይጮሃል፤ ስለዚህ ገርበብ አደረግነው።

የጋዜጠኛ ማይክ ደግሞ ዙሪያውን ይሰማል። ፊትና ጀርባ የለውም፤ ጠያቂውንም ተጠያቂውንም እንዲይዝ ተብሎ የተሠራ ነው። ይህንን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ።

የምትመታው የሻደይን ምት ነበር። የከበሮዋን ከባድ እጅ በእግሯ፣ ቀላሉን በትንሹ ከበሮ ጠርዝ፣ የልጃገረዶቹን ጭብጨባ ደግሞ በእግር በሚከደኑት ጥንድ ሳህኖች አድርጋዋለች። መሐል ላይ ሁሉን ትታ በጣቶቿ ብቻ የምትነካካው ቦታ አለ፤ ጭፈራው ወደ ሌላ ሰፈር ሲርቅ እንደሚሰማው። ከዚያ ተመልሶ ይመጣል።

ሁለት ሦስት ጊዜ ጀምራ ተሳሳተች። "አባ፣ እባክህ ውጣልኝ" አለችኝ በመጨረሻ። "ቆመህ ስታየኝ እጄ ይከብዳል።"

"አላየሁሽም እኮ፤ የመቅረጫውን መብራት ነው የማየው።"

"ፊትህን አይቼዋለሁ።"

መቅረጫውን እየቀረጸ ትቼው በረንዳው ላይ ወጣሁ። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ እንደ ዘብ ቆምኩ። ሰዓቱ ከሐሳባችን በላይ ሄዶ ነበር። ነጠላ የለበሱ ሰዎች ከደብሩ በኩል መመለስ ጀምረዋል። አንዳንዱ ሲያልፍ ወደ ግቢያችን አንገቱን ያዞራል። እኔ ስልኬን አውጥቼ የማነብ መሰልኩ፤ ስልኩ አልበራም ነበር።

ከውስጥ ምቱ ተስተካክሎ ይሄዳል። ተሳስታ እንዳላቆመች ሰማሁ። ወደ መሐሉ ደረሰች፣ ወደ ጣቷ ወረደች። በዚያ ቅጽበት የግቢያችን በር ተከፈተና የኔታ በመቋሚያቸው ተደግፈው ገቡ። ወደ እኔ ቀጥ ብለው መጡ። በረንዳው ጠርዝ ላይ ሲደርሱ እስኪተነፍሱ አልጠበቅኋቸውም።

"የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኩ። "እኔንም አሳፍሮኛል። ምን ላድርግ? ልጅ ሆና ነው። እኔ አይደለሁም፣ እናቷ ናት የፈቀደችላት። የተዋሰችው ነው፤ ነገ ከቤቴ ይወጣል። እንዲህ ያለ ነገር ከእኔ ቤት ተሰምቶ እንደማያውቅ እርስዎም ያውቃሉ።"

የኔታ ከባለቤታቸው ጋር በኽምጣኛ፣ በዋግ አገዎች ቋንቋ ነው የሚያወሩት፤ ከእኔ ጋር ሲሆኑ አማርኛቸው ቀስ ያለና የተመዘነ ነው። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"አበቃህ?" አሉኝ።

"አዎ፣ የኔታ።"

"ውሃ መጥቷል ልልህ ነው የመጣሁ። ሰው ሁሉ እየቀዳ ነው። ጀሪካንህ ደጅ ላይ ባዶውን ተገትሯል። ብጣራ ብጣራ የሚሰማኝ ጠፋ።" መቋሚያቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። "ልጅህን ደግሞ ለእኔ ምን ታማልኛለህ? ስለ እሷ አልጠየቅሁህ።"

ከዚያ ዞረው ሄዱ። እኛ ሰፈር ቧንቧው በፈረቃ ነው፤ ውሃ ሲመጣ የሰማ ላልሰማ ይናገራል። የመጡት ለዚሁ ነበር። የሥራዬ የመጀመሪያው ትምህርት፣ ለአዲስ ገቢ ወጣቶችም እኔው የምሰጠው ትምህርት፣ ሰውዬው ሳይናገር መልሱን አትገምት የሚል ነው።

ከኋላዬ ጭፈራው ተመልሶ መጣ። እግሯ፣ እጇ፣ ሳህኖቹ ሁሉ አንድ ላይ ሆኑ። ከዚያ አንድ ምት፣ ከዚያ ጸጥታ። የሳህኑ ድምፅ እየቀጠነ ሄደ። መቅረጫውን ስታጠፋው ሰማሁና ገባሁ። ላብ አጥምቋታል፤ ትስቃለች።

"አባ፣ ወጣች! ይህች ናት! እንዲህ መትቼ አላውቅም።"

"ሰምቻለሁ" አልኳት። እውነቴን ነበር፤ ከሰማሁት ሁሉ እሱ ይበልጣል።

የጆሮ ማዳመጫውን ተካፈልነው፣ አንዱ ለእሷ፣ አንዱ ለእኔ። አጀማመሩ ንጹሕ ነው። ትልቁ ከበሮ ወፍራም፣ ትንሹ ጥርት ያለ፣ ሳህኖቹ ከላይ እንደ ቀጭን ጨርቅ። ለማይኩ በመረጥኩት ቦታ ኮራሁ። ከዚያ መሐሉ መጣ፤ በጣቷ ወረደች፤ ጸጥታው ውስጥ አንድ ሰው ተናገረ።

"እኔንም አሳፍሮኛል።"

ድምፄ ሩቅ አልነበረም። ያ ማይክ የለመደውን ድምፅ አገኘና አጥርቶ ያዘው። ልጅ ሆና ነው። እናቷ ናት የፈቀደችላት። ነገ ከቤቴ ይወጣል። እያንዳንዱ ቃል በጣቶቿ ምት መካከል ቦታ እንደተተወለት ሆኖ ገባ። ቀጥሎ የየኔታ "አበቃህ?" መጣ። ውሃው መጣ። ጀሪካኑ መጣ። "ልጅህን ደግሞ ለእኔ ምን ታማልኛለህ?"

ልጄ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ዓይኗ መቅረጫው ላይ ነበር። እኔ ማዳመጫዬን ካወለቅሁ ቆይቼ ነበር።

"'ልጅ ሆና ነው' አልካቸው" አለች።

"ብያለሁ።"

"ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፣ አባ።"

"አውቃለሁ።"

"ሱሪ ለብሼ መምታቴን ጓደኛዬ ብትሰማ ምን ትል ይሆን እያልኩ ነበር የምጨነቀው። አንተ የምታፍር አልመሰለኝም ነበር። ሥራ በዝቶበት ነው እል ነበር።"

የማውቀውን ነገር አቀረብኩ። "እቆርጠዋለሁ" አልኳት። "ለእኔ ቀላል ነው። ሳልና የበር ድምፅ ስቆርጥ ነው የኖርኩት፤ ማንም አያውቀውም።"

"ያልተቆረጠ ነው ያሉት።"

"የምቆርጠው የእኔን ድምፅ ነው፤ ያንቺን ምት አልነካም።"

"ከሥሩ እኮ የእኔ ምት አለ" አለች። "አንድ ማይክ ነው ያለን።"

ልክ ነበረች። ድምፄን ባወጣ ጣቶቿም አብረው ይወጣሉ። መለያ የለውም። ነገር ግን እሷ ያላለችውን ሌላ ነገር አውቄዋለሁ፦ በሥራዬ የሰው ሳል ቆርጫለሁ፣ መንተባተብ ቆርጫለሁ፤ ሰው ያለውን ነገር ግን አላለም ለማሰኘት ቆርጬ አላውቅም። የመጀመሪያው የምቆርጥለት ሰው ራሴ ልሆን ነበር።

"እንደገና እመታለሁ" አለች። "አንተ ውሃውን ቅዳ።"

ጀሪካኖቹን ይዤ ወጣሁ። ቧንቧው ዘንድ ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ከቅዳሴ የተመለሱት ሁሉ እዚያ ናቸው። የኔታ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። በርበሬ የምትነግደው ጎረቤታችን ገና ስታየኝ ጀመረችኝ።

"ጋዜጠኛው! ዛሬ ዜና የለም?"

"ምን ዜና አለ?"

"ከቤትህ እየወጣ ነዋ ዜናው! እኛማ ሰምተን ጨረስን።" ሰልፉ ሳቀ።

"ባጃጁ ትናንት በእኔ በር ነው ያለፈ" አለች ሌላዋ። "ያን ድብልብል ነገር ሳይ፣ አስተማሪዋ ለፋሲካ ጠላ ልትጠምቅ ጋን አስመጣች ብዬ ነበር። ልጠራ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ።"

"ጾም መሆኑን አውቃለሁ..." ብዬ ጀመርኩ።

"የሻደይ ምት ናት አይደል?" አለች በርበሬ ነጋዴዋ። "እግሬ አልቆም ብሎኝ ውሃዬን አፈሰስኩት። ኃጢአቱ በአንተ ነው፤ ለንስሐ አባቴ እንደዚያው ነው የምናገረው።"

"ለምን አልነገርከንም?" አለች ሁለተኛዋ፤ እሷ አልሳቀችም። "ልጆቹን ዝም እናሰኝላችሁ ነበር። የእኔ አህያ ስትጮህ ውላለች። ያበላሸችባት እንደሆን ምን ይባላል?"

ሰፈሩ ሁሉ ከሐሙስ ጀምሮ ያውቅ ነበር። የተደበቅሁት ከማን እንደሆነ አላውቅም።

ወደ የኔታ ሄጄ ጎንበስ አልኩ። "የኔታ፣ ቅድም ያልኩትን..."

"ተወው። በጾም ባይሆን ይሻል ነበር፤ እሱን አልዋሽህም" አሉኝ። "አስቀድመህ ብትነግረኝ ግን ተማሪዎቼን ይዤ ደብር እውል ነበር። ያን ጊዜ አንተም በር ላይ ባልቆምክ።"

ከቤታችን በኩል ምቱ ይሰማል። እንደ ቅድሙ አይደለም። ልክ ነው፣ ስህተት የለበትም፤ ነገር ግን የተጠነቀቀ ሰው ምት ነው፣ ጭቃ ላይ እንደሚራመድ። ከዚያ ተቋረጠ። እንደገና ጀመረ። ተቋረጠ።

"ደከማት መሰል" አለች በርበሬ ነጋዴዋ። "ለምንድን ነው እንዲህ የምትለፋው?"

ይህን ጥያቄ ስሸሽ ነው የከረምኩት። "ድራም መቺ ልትሆን ነው" አልኩ። "አዲስ አበባ የሙዚቃ ማሠልጠኛ ልትፈተን። ነገ ካልላከች ያልፋታል።" ድምፄ ቀጠነብኝ፤ መግለጫ እንደሚያነብ ሰው ነበር የተናገርኩት። ማንም አልተገረመም። "ይቅናት" አሉ፣ ሰልፉም አንድ እርምጃ ቀጠለ።

ስመለስ ሚስቴ ከቅዳሴ ገብታ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ አገኘኋት። ልጄ ሁሉንም አሰምታታለች። "ውሃ መጥቷል" የሚለው ላይ ስትደርስ ሳቀችና አፏን በነጠላዋ ያዘች። ወዲያው ግን ሳቋን ትታ ወደ ኋላ መልሳ ከመጀመሪያው ሰማችው።

"'እናቷ ናት የፈቀደችላት'" አለች፣ የእኔን አነጋገር እየቀዳች። "አዎ፣ እኔ ነኝ። ደግ አደረግሁ።" ማዳመጫውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "ንገራቸው ብዬህ ነበር።"

ከዚህ በላይ አልተናገረችኝም። ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

በኋላ የተቀረጹትን ሁሉ አንድ በአንድ ሰማናቸው። ጥርጥር አልነበረም። የሰው ድምፅ የሌለባቸው ንጹሕ ናቸው፣ ግን ሕይወት የላቸውም። ሕይወት ያለው ያ የመጀመሪያው ነው፤ እኔ ደግሞ እሱ ውስጥ ነኝ። ልጄ ቅዳሜ ጠዋት ወሰነች። "እሱን ነው የምልከው። እንዳለ።"

"ፈታኞቹ ይሰሙታል" አልኳት።

"ይሰሙታ።"

ቤታችን ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ ወደ ዳገቱ ወጣን። እሷ ስልኩን ከፍ አድርጋ ይዛ፣ እኔ ከኋላዋ። ከቅጂው ሥር አጭር መግለጫ ልትጽፍ ፈለገችና፣ "አንተ ጻፈው፣ ሥራህ አይደል" ብላ ሰጠችኝ። ጽፌ መለስኩላት። አነበበችው።

"'በመሐል የሚሰማው የጎረቤቶች ንግግር ነው'" አለች። ስልኩን መልሳ ዘረጋችልኝ። "የጎረቤቶች?"

እዚያ ዳገት ላይ፣ ሁሉ ነገር ከተጋለጠ በኋላ፣ እንደገና ተደብቄ ነበር። ሳላስበው ነው ማለት እፈልጋለሁ፤ ግን በሙያዬ ሳላስብ ቃል አልመርጥም። አጥፍቼ ጻፍኩት፦ "በመሐል የሚሰማው የአባቴና የጎረቤታችን ድምፅ ነው። ውሃ መጥቶ ነው።" አነበበች፣ ላከችው። የመላኪያው ምልክት ረጅም ጊዜ ሲዞር ሁለታችንም አየነው። ሲያልቅ ልጄ በረጅሙ ተነፈሰችና ስልኩን ኪሷ ከተተች። ስንወርድ እሷ ቀደመች።

ድራሙን ሰኞ መለስነው። በዚህ ጊዜ ባጃጁ ውስጥ ትልቁን ከበሮ ደግፌ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። ይህን የምጽፈው እንድመሰገን አይደለም፤ ሰላምታ ያቀረበልኝን ሁሉ ቀና ብዬ አላየሁም።

መልሱ የመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ለፈተና ጠሯት። በወልድያ በኩል በአውቶቡስ ሄደች። ከተፈተነች በኋላ ስትደውል እኔ ለዘገባ ጽጽቃ ነበርኩ፤ ድምፁ እየተቆራረጠ ነበር።

"ተቀበሉኝ" አለች።

ደግማ እንድትነግረኝ ለመንኳት። ደገመችልኝ። ምን እንደመታች፣ ስንት ሰው እንደነበረ፣ የእነሱ ድራም እንዴት ያለ እንደሆነ በጥድፊያ አወራችልኝ። ከዚያ ሳቀች።

"ስገባ አንደኛው ፈታኝ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? 'የውሃዋ ልጅ አንቺ ነሽ?' አለኝ። ሁሉም ሳቁ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ተቀምጬ መታሁ።"

በማን እንደሳቁ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ። መጠየቅ ሥራዬ ነው። መስመሩም ገና አልተቋረጠም ነበር፤ እሷ ግን ደስ ብሏት ነበርና ተውኩት። "እናትሽ ደውዪላት" አልኳት። "የፈቀደችልሽ እሷ ናት።"

"ለእሷ ቀድሜ ደውዬ ነግሬያታለሁ" አለችኝ። "የኔታም ከእሷ ሰምተዋል።"